ሳይጠይቀኝ የጠየቀኝ

በኅዳር መጨረሻ፣ በኦሉ ከተማ፣
ፀሐይ የምትወጣው ለይስሙላ ነው፤
እንዳረፈደ ሠራተኛ ፊርማዋን ፈርማ
ካፖርቷን ሳታወልቅ እብስ ነው የምትለው።

ዐሥራ አምስት ዓመቴ። መጋረጃው ዝግ።
ከአልጋዬ እስከ በሩ አራት እርምጃ፤
አራቷን እርምጃ ለመራመድ ግን
ጠፍቶብኝ ነበረ የእግሬ መሄጃ።

እናቴ ጠየቀች። መምህሯ ጠየቀች።
ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሴት ከአንድ እስከ ዐሥር ቆጥራ
«ስንት ላይ ነህ?» አለች።
ሰባት አልኳት፣ ቶሎ እንድትተወኝ።
ድንጋይ ይሁን ጭጋግ፣ የተጫነኝን ነገር
እኔም ስሙን አላውቀው።

ከዚያ ራይሞ መጣ።
ጡረታ የወጣ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር፣
ሠላሳ አራት ክረምት የሰው መንገድ ሲከፍት የኖረ፤
«በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ ከአንድ ታዳጊ ጋር»
የሚለውን የማዘጋጃ ቤት ቅጽ
በእርሳስ የፈረመ።
(በእርሳስ አይሆንም ብለው በእስክሪብቶ አስደገሙት።)

በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጓንት አለህ?» አለኝ።
ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

ባሕሩ ላይ ወጣን። ባሕሩ መንገድ ሆኗል።
መሰርሰሪያውን ሰጠኝ፤ በረዶው ሲበሳ
ጥቁር ውኃ ብቅ አለ፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ ዓይን።
«ለካው።»
ለካሁት። ሠላሳ አንድ ሳንቲ።
ከደረት ኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ፦
ሐሙስ። 31። ሳሙሊ። ዓሣ የለም።

«አምስት ከሆነ አትርገጠው፤
ዐሥር አንድ ሰው ይችላል፤
አርባ መኪና ይሸከማል።»
«እንዴት ነው የሚወፍረው?» አልኩት፣ የዚያን ቀን ብቸኛ ቃሌ።
«ከሥሩ። ሌሊት ሌሊት። ማንም ሳያየው።»

በየካቲት አራት ሐሙስ ቀረሁ። ስልኬን አጠፋሁ።
በአምስተኛው ስመለስ ደብተሩን ገለጥኩ፦
ሐሙስ። 52። ሳሙሊ አልመጣም። ነፋስ።
ሐሙስ። 55። ሳሙሊ አልመጣም። ሁለት ትናንሽ ዓሣ።
ሐሙስ። 57። ሳሙሊ አልመጣም።
ሐሙስ። 58። ሳሙሊ አልመጣም። ሻዩ ተረፈ።
ባልነበርኩበት ሁሉ
ተጽፌ ነበር።

በሚያዝያ አንድ ሌሊት፣ በረዶው ሲሳሳ፣
እኔም አብሬው ሳስቼ፣
ደወልኩለት። ቃል አልወጣኝም። ትንፋሼን ሰማ።
«ጫማህን አድርግ፤ መጣሁ።»
ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤
እሱ ግን መድኃኒት ነኝ አላለም።
መድኃኒት ወዳለበት ነድቶ አደረሰኝ፤
ከሐኪሟ በር ውጪ፣ ያረጀ የጀልባ መጽሔት ገልብጦ ይዞ
እስኪነጋ ተቀመጠ።
(መገልበጡን በኋላ ስነግረው፣ ካደ።)

ስንት ሰው ጠየቀኝ፣ ሳይጠይቀኝ ቀረ፤
ሳይጠይቅ የጠየቀኝ ራይሞ ነበረ።

አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ተፈወስኩ አልልም።
ኅዳር ሲገባ ያ ነገር ይመጣል፣
እንደ ቤተኛ ሳያንኳኳ፣ ጫማውን አውልቆ።
ብቻ መለካት ተምሬአለሁ፦
ዛሬ አምስት ነው፤ አልረግጥም፤ ሰው ልጥራ።
ዛሬ ዐሥር ነው፤ እኔን ይችለኛል።
አርባ የሚሆንበትም ቀን አለ፤
ያን ቀን ሌላ ሰው እጭናለሁ።

ራይሞን ጉልበቱ ከቤት አውሎታል።
ሐሙስ ማታ ግን ይደውላል፤
«ስንት ነው?» ይላል፣ እነግረዋለሁ፣ ይዘጋዋል።

ዛሬ ኔስቶሪን ሁለት ሰዓት ጠበቅሁት።
ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት
ጓንቱን እዚሁ ጥሎ ሄዷል።
ደብተሩ አዲስ ነው፤ እርሳሱ የድሮው።
ሐሙስ። 46።
ኔስቶሪ አልመጣም።
ሰማዩ ጠርቷል።